ሳንጠግብህ ትተኸኝ ሄድክ

ጠዋት ፊቱን ታጥቦ እንደጨረሰ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ ያነጥፋል። ትንሽ የላስቲክ መያዣ በጣቶቹ ያቆምና አንድ ሰፊ ሌንስ ያስቀምጥባታል። ሌንሱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይቆማል። ጨዋማውን ፈሳሽ ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ከዚያ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ይደፋል፤ የግራ ዓይኑን ቆብ በሁለት ጣት ከፈት አድርጎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሲነካው አይደነግጥም። ሲቃና ሌንሱ ውስጥ አረፋ ከታየው አውጥቶ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ያጎነብሳል።

እናቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ውሃ የምትጠጣ እርግብ» ትለዋለች።

አይመልስላትም። ከተናገረ እጁ ይንቀሳቀሳል።

ሐውልት ሠሪ ነው። ድንጋይ ያለሰልሳል፣ ፊደል ይቀርጻል። ቤትም ሰፈርም የሚጠሩት ቀጮ ብለው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋ አልያዘለትም፤ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። የማያውቁት ደንበኞች ድንጋይ ሲያነሳ ሲያዩ ሊያግዙት ይንደረደራሉ፤ እሱ ግን አንዴ በጉልበቱ ደግፎ ግድግዳው ላይ አቁሞታል።

ሱቁ በአናጺ ቤትና በጎማ ጠጋኝ መሃል ያለ ረጅም ክፍል ነው። በስተቀኝ ያልተነኩ ድንጋዮች፣ በስተግራ ያለቁት ተደግፈው ይቆማሉ። መሃሉ አቧራ ነው። ነጭ፣ የላመ፣ በር ሲከፈት የሚነሳ፣ ሲዘጋ የሚያርፍ አቧራ። ሱቁ የአባቱ ነበር። ሁለቱ ትይዩ በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ይሠሩ ነበር፤ አባት ድንጋዩን ይቆርጣል፣ ጠርዙን ያወጣል፣ ልጅ ፊደሉን ይቀርጻል። የልጁን ሥራ አይቶ አባት «ይሁን» ካለ ደህና ነው ማለት ነው። ምንም ካላለ በጣም ጥሩ ነው።

ቀጮ ዓይኑን ያሻል። አቧራው ያሳክከዋል፣ ያሻዋል፤ ሲያሸው ይብስ ያሳክከዋል። በእጁ አንጓ፣ በክንዱ፣ አንዳንዴም በመሮው እጀታ ጫፍ። «ተው፣ ዓይንህን ልታወጣው ነው» ትለዋለች እናቱ። «አቧራ ገብታበት ነው፤ እሷን ነው የማወጣው» ይላታል።

መነጽሩን ቶሎ ቶሎ ይቀይር ነበር። አዲሱ መነጽር ለጥቂት ጊዜ ይሠራለታል፣ ከዚያ ይከዳዋል። መነጽር ሻጩ ምርመራውን ሲጨርስ በተሰላቸ ድምፅ «ዓይንህ ከእኔ ጋር ድብብቆሽ ነው የሚጫወተው» ይለው ነበር። ሲመሽ የመንገድ መብራት ሁሉ ጭራ ያበቅላል። ጨረቃ ብዙ ትሆናለች። ይህ የሁሉም ሰው ጨረቃ ይመስለው ስለነበር ለማንም አልተናገረም።

አባቱ የሞተው ፊት ለፊቱ ነው።

ከምሳ በኋላ አባቱ አንድ ያላለቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። እንዲህ ማሸለብ ልማዱ ነበር። ቀጮ ለአንዲት አሮጊት ሐውልት ስም እየቀረጸ ነበር። «አባዬ፣ እርሳሱን አቀብለኝ» አለ። መልስ የለም። ተነስቶ ራሱ ፈለገና ቀጠለ። ስሙን ጨርሶ አቧራውን እፍ ካለ በኋላ ድንጋዩን ወደ አባቱ አዞረ። አባቱ ምንም አላለም። ቀጮ በጣም ጥሩ ማለቱ መስሎት ወደሚቀጥለው መስመር ገባ።

መስመሩን ጨርሶ ነው ያወቀው።

አላለቀሰም። ሰው ሲገባና ሲወጣ ወንበር ያቀብል ነበር። «ጠንካራ ልጅ ነው» አሉ። ታሪኩን ልጽፍ ሄጄ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «ጥንካሬ አይደለም። እግርሽ ላይ ብዙ ተቀምጠሽ ስትነሺ እንዴት ነው? የራስሽ መሆኑን በዓይንሽ ነው የምታውቂው። እንደዚያ ነበርኩ» አለኝ።

በአባቱ ሐውልት ላይ የሚጻፈውን ቃል ለመምረጥ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናቱ፣ ታናሽ እህቱ፣ የአባቱ ወንድም። አጎትየው ረዘም ያለ ነገር ፈልጎ ነበር፤ ከትውልዱ ጀምሮ፣ ደግነቱን፣ ቁም ነገረኛነቱን።

«አጎቴ፣ ድንጋይ ነው እኮ፣ ጋዜጣ አይደለም» አለች እህትየው።

«አንቺ ዝም በይ። ወንድሜ በሁለት ቃል የሚያልቅ ሰው ነው?»

«ራሱ መቼ ከሁለት ቃል በላይ ተናግሮ ያውቃል» አለች እናት።

በመጨረሻ በአንድ መስመር ተስማሙ። *ሳንጠግብህ ትተኸን ሄድክ።* ቀጮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐሳብህስ ሲሉት «እሺ» አለ። በማግስቱ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ቀረጸው፤ ማንንም አላስገባም።

ሐውልቱ የቆመ ቀን ዘመድ ሁሉ መቃብሩ ዙሪያ ተሰብስቧል። አጎትየው ታላቅ ነውና ድምፁን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ሳንጠግብህ፣ ትተ...» ቆመ። ጎንበስ አለ። «ትተኸኝ?»

«ትተኸኝ ነው የሚለው። ኝ!» ወደ ቀጮ ዞረ። «ለብቻህ ነው እንዴ የሞተብህ? እኔ ምኑ ነኝ? ይቺ ሴትዮ ምኑ ናት? እህትህ ከመንገድ ተለቅማ የመጣች ናት?»

በን እና በኝ መካከል ያለው ልዩነት አናት ላይ የምትጋደም አንዲት ሰረዝ ናት። ያለሰረዝ ከሆነ ብዙ ሰው ነው የተተወው፤ ከሰረዙ ጋር አንድ ሰው። መስመሩ በብዙ ሰው ጀምሮ በአንድ ሰው አልቋል። ወረቀት ላይ ቢሆን በላጲስ ይጠፋል። ድንጋይ ላይ ግን ሰረዝ ማለት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድን ለማጥፋት የድንጋዩን ፊት በሙሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ መፍጨት ያስፈልጋል።

ቀጮ አፉን ሊከፍት ነበር።

«ዓይኑ ነው» አለች እናቱ። ፈጥና ነው ያለችው፤ አጎትየው ትንፋሹን ሳይሰበስብ። «ልጄ ዓይኑ ታሟል። ቀኑን ሙሉ ሲያሸው አላየህም? አንዱን ሁለት አድርጎ እያየ ነው የሚሠራው። ዓይኑ ነው።»

አጎትየው ቀጮን ከላይ እስከ ታች አየው። ቁጣው የሚሄድበት አጣ።

«ታዲያ ሐኪም ዘንድ አትወስጂውም? መቃብር ለመቃብር ምን ያንከራትተዋል!»

እንዲህ ነው ወደ ዓይን ክሊኒክ የሄዱት። እናቱ በሰው ፊት ተናግራለችና መውሰድ ነበረባት። እሱም መሄድ ነበረበት፤ እህትየውም ተከተለቻቸው። «ደህና ነህ ተብዬ እመለሳለሁ ብዬ ነው የሄድኩት» ይላል።

ዶክተሯ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። እናት ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ን እና ስለ ኝ ስትተርክላት እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ፊደል ስታይ ከጎኑ ጥላ አለው?»

«አዎ።»

«መብራት ላይ ጭራ?»

«አዎ።»

«ዓይንህን ታሻለህ?»

«ከማሸት ሌላ ምን ሥራ አለው» አለች እናት።

አገጩን መሣሪያው ላይ አስደገፉት። ሰማያዊ መብራት በዓይኑ ዙሪያ ዞረ፤ ዓይኑን አልነካውም። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ሁለት ክብ ሥዕሎች መጡ፣ እንደ ካርታ ቀለም የተቀቡ። ደጋው ቀይ ነው፣ ቆላው ሰማያዊ። በሁለቱም ክብ ላይ ከመሃል ዝቅ ብሎ ቀይ ነገር አብጦ ተቀምጧል። የግራው ትልቅ ነው።

«ኬራቶኮነስ ይባላል» አለች ዶክተሯ። «ይህ ከፊት ያለው እንደ ሰዓት መስታወት የጠራው የዓይን ሽፋን ኮርኒያ ነው። እንደ ኳስ መክበብ አለበት። ያንተ ሳስቷል። ሲሳሳ ከውስጥ ያለው ግፊት ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ሾጣጣ ይሆናል። በሾጣጣ መስታወት የሚያይ ሰው አንዱን ነገር ደጋግሞ ያያል። ማሸት ደግሞ ያባብሰዋል።»

«ሳስቷል ማለት ቀጥኗል?» አለች እህትየው።

«ቀጥኗል።»

«በቃ፣ ዓይኑም ቀጮ ነው!»

እናት በክርኗ ጎሰመቻት። ዶክተሯ ግን ሳቀች። ቀጮ አልሳቀም። ስክሪኑን ነበር የሚያየው። ቀዩን ነገር አየና የሌላ ሰው መሰለው።

ዶክተሯ አስረዳችው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ በሽታ የሚታወቀው ሾጣጣው በዓይን እስኪታይ ድረስ ከቆየ በኋላ ነበር። መነጽር ይቀየራል፣ ጠንካራ ሌንስ ይታዘዛል፣ ከዚያ ከሞተ ሰው በሚወሰድ ኮርኒያ እስኪተካ ይጠበቃል። አሁን መሣሪያው የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ ውፍረቱንም ነጥብ በነጥብ ይለካል። ሲጀምር ይይዘዋል። ደግሞ የሚያቆመው ሕክምና አለ፤ በቫይታሚን ጠብታና በብርሃን። የላላ ሽመና እንደሚጠብቅ የሽፋኑ ክሮች እርስ በርስ ይያያዛሉ።

«ያድናል?» አለች እናት።

«የሄደውን አይመልስም። ባለበት ያቆመዋል።» ወደ ቀጮ ዞረች። «የግራው በጣም ሳስቷል፣ ጠባሳም አለው። ብርሃኑ ውስጡን ሊጎዳብህ ይችላል። ለእሱ ሰፊ ሌንስ እንሠራለታለን። የቀኙ ገና አቅም አለው። አሁን ካቆምነው ትሠራበታለህ። ካልቆመ የግራውን መንገድ ይከተላል፤ ያኔ ፊደል መቅረጽ አይታሰብም።»

«እሺ» አለ።

«ሌላ ጥያቄ?»

«የለኝም።»

እናቱ ለእሱ ጠየቀችለት። «በማን ወጣ ዶክተር? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል። እህቱንም ልያት።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» አለች እህትየው። አገጯን ግን አስደገፈች። የእሷ ካርታ አረንጓዴ ነበር፤ የፊቱ በሙሉ አረንጓዴ። ዶክተሯ ወደ ጀርባው አለፈች። የቀኝ ዓይኗ ሽፋን ጀርባ ላይ ቀለል ያለ ቢጫ እብጠት ነበር። እህትየው የግድግዳውን ፊደል እስከ መጨረሻው መስመር ያለመነጽር አንብባለች። ምንም አይታወቃትም።

«መነጽር ቤት ይህን አያየውም» አለች ዶክተሯ። «እየመጣሽ እንለካሻለን። ከተንቀሳቀሰ ሳይጎዳሽ እናቆመዋለን። ብቻ እጅሽን ከዓይንሽ አርቂ።»

በዚያን ጊዜ እህትየው ዓይኗን እያሸች ነበር።

የቀኝ ዓይኑ የታከመ ቀን ቀጮ አልጋ ላይ በጀርባው ተኛ። ማደንዘዣ ጠብታ አደረጉለት። «ከአሁን በኋላ እንደምነካህ ታያለህ፤ አይሰማህም» አለችው ዶክተሯ። ይህን ያውቀዋል። ስትነካው ያያል፣ አይሰማውም፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ ሰዎች ሁሉ የሚነኩት እንዲህ ነው። የዓይኑን የላይኛውን ስስ ቆዳ ጠረገችለት። ቢጫ ጠብታ አንጠበጠበች፤ ጠብቃ ደግሞ አንጠበጠበች፤ ክፍሉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሐምራዊ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን መጣ።

«ብርሃኑን እይ። ሌላ ሥራ የለህም።»

አየው። ስለምን ታስብ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ስለምንም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ያቺ የአሮጊቷ ሐውልት እንዳላለቀች ትዝ አለኝ» አለ።

ሕመሙ የመጣው ማደንዘዣው ሲለቅ ነው። መጋረጃ በወረደበት ክፍል ተኛ። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት መሰለው፤ ከቀኝ ዓይኑ እንባ ወረደ፣ ትራሱን አረጠበው። እህቱ ሾርባ ይዛ ገባች።

«ቀጮ፣ እያለቀስክ ነው?»

«ዓይኔ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ አላለቀስኩም። ዓይኔ ነው።»

ሾርባውን ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። እሷም ዓይኗን ልታሽ እጇን ስታነሳ በግማሽ በተከፈተ ዓይኑ አያት።

«እጅ!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ይህ ሆነ። ምግብ ላይ፣ በር ላይ፣ መንገድ ላይ። «እጅ!» ይላታል። «እጅ!» ትለዋለች። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ እህትየው ድምፇን ከፍ አድርጋ «እጅ!» ስትለው ከፊታቸው የተቀመጠ ሰውዬ ደንግጦ ሁለት እጁን አነሳ።

ሐኪም ቤቱ ደግሞ እስኪጠራው ድረስ መሮ እንዳይነካ ተባለ። ያላለቁትን ሥራዎች ሌላ ሐውልት ሠሪ ወሰዳቸው፣ የአሮጊቷንም። ቀጮ ሱቁን ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ ይዘጋል። ደረቅ መፍጨት ቀርቶ በውሃ እንዲሆን ቧንቧ አስገባ፤ አቧራው ቀነሰ። ጠርዙ የተዘጋ መነጽር ገዝቶ ምስማር ላይ ሰቀለው። ሌንሱ መጣለት። መጀመሪያ ቀን ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልገባ ብሎት ነበር፤ ዓይኑ ራሱን ይዘጋል። ሲገባ ግን የግራ ዓይኑ የእናቱን ፊት አየ። ለዓመታት ተደራርቦ ያየው ፊት አንድ ሆኖ መጣ።

«ምን አየህ?» አለችው።

«አርጅተሻል።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች፤ ወዲያ ዞራም ሳቀች።

ቀጠሮው ደረሰ። ሦስቱም ሄዱ። አገጩን አስደገፈ፣ ሰማያዊው መብራት ዞረ። ዶክተሯ አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ላይ ደረበችና ልዩነቱን ብቻ የሚያሳይ ሦስተኛ ሥዕል አወጣች። እናት ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ቀይ ፈለገች። እህትየው ሁለት እጇን ቂጧ ሥር ወትፋ ተቀምጣለች።

«ቆሟል» አለች ዶክተሯ።

«ማን ቆመ?» አለች እናት።

«ሾጣጣው። አልጨመረም፤ እንዲያውም በትንሹ ወርዷል። የቀኝ ዓይኑ ተረፈ።»

እናት ቁጭ አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እህትየው ጮኸች፣ ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አንገታቸውን አስገብተው አዩ። ቀጮ ደስታው እንዲመጣ ጠበቀ። አልመጣም። የመጣው ጥያቄ ነው።

«መሮ መያዝ እችላለሁ?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች ዶክተሯ። «ዓይንህን ሸፍነህ፣ በውሃ እየሠራህ። እየመጣህ ትለካለህ።»

እህትየው በሚቀጥለው ልኬት ቢጫዋ ሰፍታ ስለተገኘች እሷም በብርሃኑ ታከመች። ከሕክምናው በኋላም የግድግዳውን ፊደል እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች። ወንድሟ የሄደበትን መንገድ አልሄደችበትም። አጎትየው በደረሰበት ሁሉ «ወንድሜ ሞቶም ልጆቹን አዳነ። ያቺ ሰረዝ ባትሳሳት ማን ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር?» እያለ ያወራል። ሲያወራ ያምርበታል፤ ቤተሰቡም ያምነዋል።

አንድ ቀን ሱቁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አሁን ዓይንህ ድኗል አይደል?»

«ቀኙ።»

«እንግዲህ ያቺን ፊደል አስተካክላታ። ፊቱን ፈጭተህ እንደ አዲስ ትጽፈዋለህ። ሰው ባለፈ ቁጥር ያነባታል። እኔም አነባታለሁ።»

«እሺ» አለ ቀጮ።

እስካሁን አልሄደም። አጎትየው ሲጠይቅ ድንጋዩን ለመፍጨት ነቅሎ ማምጣት እንዳለበት፣ መኪና እንደሚያስፈልግ፣ ዝናቡ እስኪያቆም እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። እናቱ አንድ ጊዜም ጠይቃው አታውቅም። እሱን ላየው ቤታቸው በሄድኩ ቀን የሐውልቱ ነገር ሲነሳ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሳች። «ድንጋይ ነው፤ ተዉት እዚያው ይቁም» ብላ ወጣች።

የጻፍኩትን አነበብኩለት። ስሜን አትጻፊ አላለኝም፤ ስሙን የተውኩት በራሴ ነው። አባቱ ሞቶ ሳለ የቀረጻትን መስመር እንድተዋትም አልጠየቀኝም። ተዪ ያለኝ አንድ ነገር ነው።

የአባቱን ሐውልት የቀረጸ ቀን ፊደሏን በደንብ አይቷታል። በእርሳስ የነደፈው ን ነበር፤ ቤተሰቡ እንደተስማማው። *ሳንጠግብህ* የሚለውን ቀርጾ ጨርሶ፣ *ትተኸ* ጋ ደርሶ፣ የመጨረሻዋን ፊደል በንድፉ መሠረት አወጣት። ጥላው እንዳያሳስተው ጉድጓዷን በጣቱ ዳሰሰ፤ አናቷ ላይ ምንም የለም፣ ልሙጥ ድንጋይ ነው። ሱቁ ዝግ ነበር። ትይዩ ያለው የአባቱ ጠረጴዛ ባዶ ነበር። መሮውን እንደገና አነሳና ሰረዟን ጨመረባት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጠለቅ አድርጎ።